የሰላም ቤት ፓስዎርድ

ሣጥኑ አልተሰበረም። ኢንስፔክተሩን ከሁሉ አስቀድሞ ያበሳጨው ይህ ነበር። ቁልፉ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ተሰካ ነው፤ ክዳኑ በሥርዓት ተከድኗል፤ በውስጡ የተነጠፈው ቀይ ከፋይ እንኳ መጨማደድ አልታየበትም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በከፋዩ ላይ ተኝቶ ይኖር የነበረው የአንገት ወርቅ ከነጆሮ ጌጡ።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለ አሻራ አንሺው፣ ብሩሹን ወደ ቦርሳው እየመለሰ።

«እንግዲያው አሻራውን ትቶልን ሄዷላ።»

«ጨዋ አልኩ እንጂ ሞኝ መቼ አልኩ?»

የወርቁ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት፣ የብረት መደገፊያቸውን ይዘው ከመኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር። የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ መደገፊያ አይራመዱም፤ ንግግራቸው ግን የማንንም ድጋፍ አይሻም።

«ኢንስፔክተር፣ ወርቁ የእናቴ ነው። ሌባዋን ይዘናል ብላችሁኛል፤ ወርቁን ግን አልያዛችሁም። አንዱን ይዞ አንዱን መልቀቅ ምን ዓይነት አያያዝ ነው?»

ሌባ ተብላ የታሰረችው አስታማሚያቸው ናት፤ ያሰሯትም ሐሙስ ምሽት ተረኛ የነበሩት ፖሊሶች ናቸው። መዝገቡ በእርሱ እጅ የወደቀው በማግስቱ፣ ዐርብ ጠዋት ነው።

ማስረጃው አንዲት በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ በዋይፋይ የምትሠራ ትንሽ ካሜራ ነበረች። ሐሙስ ቀትር ላይ ርእሰ መምህርቷ ለምርመራ ሆስፒታል ሄደዋል፤ ፋርማሲስቷ ልጃቸው በመድኃኒት ቤቷ ናት፤ ታፔላ ጸሐፊው አማቻቸውም በሥራው ላይ ነው። ካሜራዋ አስታማሚዋ በዋናው በር ብቻዋን ስትገባ ቀረጸች። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀረጸችም፤ ስትወጣ እንኳ። ማታ ፋርማሲስቷ በስልኳ ብትመለከት ካሜራዋ ከቀትር ጀምሮ ሞታለች። እናትና ልጅ ደንግጠው ሣጥኑን ከፈቱ።

*

«ካሜራውን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?»

«ማጥፋቱን ባውቅበት ኖሮ፣ ከገባሁ በኋላ ሳይሆን ሳልገባ አጠፋው ነበር» አለች አስታማሚዋ።

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማው የመጀመሪያው አእምሮ ያለበት ንግግር ይህ ነበር።

«ስለ ምን ተመለስሽ?»

«ራጁን ረስተነው። ዶክተሩ ያለ ራጅ አላይም አሉ። እትዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ መጣሁ፤ ራጁን ከሳሎኑ ጠረጴዛ አነሣሁ፤ ወጣሁ። ‹አገኘሁት› ብዬ የድምፅ መልእክት ልልክላቸው ስል ኔቱ ጠፋ።»

«ስትወጪ ማን አየሽ?»

«ያመጣኝ ባለታክሲ። ሰዉ ‹ግድግዳ› ነው የሚለው። የእትዬ ዋይፋይ እስከ ውጭ ስለሚደርስ ከአጥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚውለው። ፓስዎርዱን አዝኜለት እኔ ነኝ የጻፍኩለት።» እጆቿን ተመለከተች። «ጌታዬ፣ እንጀራዬ ሰው ቤት ገብቶ ሰው ማስታመም ነው። በስርቆት ከተከሰስኩ፣ በኋላ ነፃ ነሽ ብባል እንኳ፣ በሩን የሚከፍትልኝ ማን ነው?»

ኢንስፔክተሩ ጥያቄዋን ይዞ ወደ አለቃው ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ገባ። ኮማንደሩ ግን ጥርጥር አልነበረበትም። «የገባችው እርሷ፣ የቤቱ ቁልፍ ያለው በእርሷ እጅ፣ የታየችውም እርሷ። ምን ቀረህ? ነገ ከቀትር በፊት መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ።»

*

ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር በኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። ኢንስፔክተሩ እንደ አንድ ግትር ምሥክር ተመለከተው። ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባና እንደ ወጣ ይህ ዕቃ በሆዱ ይዟል፤ እንዲናገር ግን የማስተካከያ ገጹን የሚከፍት ፓስዎርድ ያስፈልጋል።

«ፓስዎርዱን ንገሩኝ» አለ።

ፋርማሲስቷ ነገረችው፤ በዚያው ከዋይፋዩ ጋር ተገናኘ። በስልኩ ላይ የራውተሩን አድራሻ፣ በነጥብ የተለያዩትን ቁጥሮች ጻፈ፤ ገጹ መጣ፤ ፓስዎርዱን አስገባ። ገጹ አልቀበልም አለ።

«ይህ የዋይፋዩ ነው። የምፈልገው የአድሚኑን ነው።»

«የማንን?»

«የአድሚኑን። የአስተዳዳሪውን።»

«አስተዳዳሪ የለንም እኮ፤ እኛው ነን» አለች ፋርማሲስቷ ግራ ተጋብታ።

«እኅቴ፣ ዋይፋዩ የግቢው በር ነው እንበል። ይህኛው ደግሞ ቁልፎቹ ሁሉ የሚሠሩበት ክፍል ነው። የየራሳቸው ፓስዎርድ አላቸው።»

«ታዲያ ሁለት ለሆነ ነገር ስለ ምን አንድ ስም ሰጡት?» አሉ ርእሰ መምህርቷ።

ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከፋብሪካ የታተመውን ሞከረ። እርሱም እንቢ አለ። አንድ ሰው ለውጦታል ማለት ነው።

«ማን ለወጠው?»

ሦስቱም ተያዩ። ማንም «እኔ ነኝ» አላለም።

አማችየው በቀለም የተዥጎረጎሩ እጆቹን እያሻሸ ጠጋ አለ። «ጋሼ ኢንስፔክተር፣ ምን አደከመዎት? ከጀርባው ቀዳዳ አለችለት፤ በመርፌ ጫን ማድረግ ነው። ሪሴት ይሆንና በፋብሪካው ፓስዎርድ ይከፈታል።»

«ይከፈታል። በውስጡ ያለውም ሁሉ ይጠፋል።»

«እርሱስ ልክ ነዎት» አለና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

*

የመስመሩ አቅራቢ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሣም።

«መስመሩ የተመዘገበው በአንድ አባወራ ስም ነው። ደንበኛው ራሳቸው መታወቂያቸውን ይዘው ይቅረቡ።»

«የርእሰ መምህርቷ ባል ናቸው። ዐርፈዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። «በትንሣኤ ዘጉባኤ።»

«እንግዲያው እስከዚያ ውክልና ይስጡዎት።»

ከኋላው የተሰለፈች ሴት ሣቀች። ሠራተኛው ቀና ብሎ ነገሩ ሲገባው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይሁን እንጂ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጣቱን እንደማያነሣ፣ ትእዛዙም ቢመጣ ፓስዎርዱን ደንበኛው ከለወጠው እነርሱ እንደማያውቁት አስረዳ። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ፓስዎርድ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ሲወርድ በሩን በኃይል ሊዘጋው አሰበ፤ በሩ ግን በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ነበር።

*

የአማችየው ሱቅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊቱ ካለው ጸጉር ቤት ግንባር ላይ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «የሠፈራችን ጸጉር ቤት»።

«ሐሙስ ቀትር እዚህ መሰላል ላይ ነበርኩ» አለ አማችየው። «ይኸው ባለቤቱ፤ ይጠይቁት።»

«እውነቱን ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እያበሰ። «ጭንቅላት እያስተካከልኩ መሰላሉ በመስተዋቴ ይታየኝ ነበር።»

«መሰላሉን አይደለም የጠየቅኩህ። እርሱን ነው።»

«ያው መሰላሉ ካለ እርሱም አለ እንጂ፤ መሰላል ብቻውን ምን ይሠራል? መካከል ላይ ቀለም ሊያመጣ ሄድ ብሎ እንደሆነም እንጃ፤ እኔ ሰው ጸጉር ላይ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ሰሌዳው አንጋጠጠ። ፊደል ያስቈጠሩት አያቱ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ፊደል ሲያይ ጥርስ እንደሚያመው ሰው ፊቱ ይጨማደዳል።

«ሰፈር በእሳቱ ሰ አይደለም?»

«ኧረ እርስዎም እንደ አማቴ!» አለና አማችየው ሣቀ። «እሳቱ ሰ ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው። ንጉሡ ሠ ግን ቀና ብሎ ሰሌዳ ይሞላል። ሲነበብ እንደሆነ አንድ ነው፤ ማን ይለየዋል? አማቴ ግን በመንገድ ባለፉ ቁጥር በዚያ መደገፊያቸው እየጠቆሙ ያርሙኛል። ሰው ባለበት። ‹ቀለም ቀቢው› ነው የሚሉኝ።»

*

ቀሪው ተስፋ ግድግዳ የተባለው ባለታክሲ ነበር። ኢንስፔክተሩ ከአጥሩ ጥግ ሊያነጋግረው ብቅ ሲል ሰውዬው ሞተሩን አስነሥቶ ጠፋ። የሸሸ ሰው ማግኘት ለመርማሪ ደስታ ነው። የሰፈሩን ጎሚስታዎች ሁሉ እየጠየቀ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ በመጨረሻው፣ ከዚያው ከቤቱ አጥር ጀርባ ባለው ላይ ጎማ ሲያስለጥፍ አገኘው።

«ስለ ምን ሸሸህ?»

«እጄን ሰጥቻለሁ» አለ ባለታክሲው። «ሰርቄያለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ያዘው። «ወርቁ የት ነው?»

«የምን ወርቅ? ዋይፋዩን ነው እንጂ።»

ኢንስፔክተሩ ባገኘው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ሐሙስ ዕለት አስታማሚዋን አምጥተሃታል?»

«አምጥቻታለሁ፤ መልሻታለሁም። ቪዲዮ ከፍቼ ስጠብቅ፣ በሩን አልፋ ገና ከመግባቷ ኔቱ ጭልም አለ። ተናድጄ ስልኬን ስነካካ ያንን ጥቁር ፊልም ይዛ ተመለሰች። እንኳን ልትሰርቅ፣ ውኃ የሚያስጠጣ ጊዜ አልነበራትም። ሆስፒታል አድርሻት ስመለስ ኔቱ መጥቷል፤ እኔን ግን አኩርፎኛል። ይኸው እስከ ዛሬ አይቀበለኝም። እትዬ ፓስዎርዱን ቀይረውብኝ ነው፤ ደግሞስ ምን አጠፋሁ?»

«አልቀየሩትም። እኔ ዛሬ በድሮው ነው የገባሁት። ስልክህን አምጣ።»

የቀረበው መስመር ከላይ ተጽፏል፤ የድሮው፣ ስልኩ የሚያስታውሰው፣ ከሥሩ «በአቅራቢያ የለም» ተብሎ ተቀምጧል። ባለታክሲው በትከሻው ላይ አጮለቀ።

«ያው አንድ ነው እኮ። ሰላም ቤት፣ ሰላም ቤት።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ። የታችኛው «ሰላም ቤት» ይላል፤ የላይኛው «ሠላም ቤት»። አንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ።

«አንድ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ለአንተ ጆሮ አንድ ነው። ይህ ዕቃ ግን ጆሮ የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለው።»

*

ጣቢያ ደርሶ ከታሳሪዎች ዕቃ መካከል የአስታማሚዋን ስልክ አስወጣና እርሷው ፊት ከፈተው። የሚያስታውሰው የድሮውን መስመር ብቻ ነበር። በአዲሱ መስመር አንድ ጊዜ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

ወደ ርእሰ መምህርቷ ደወለ።

«የዋይፋዩን ስም ማን ጻፈው?»

«ባለሙያው በአጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ ፊደሉን እየነገርኩት። እሳቱን ሰ እንዲያደርግ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ።»

«ሐሙስ ማታ ስልኮቻችሁ ፓስዎርድ ጠይቀዋችሁ ነበር?»

«እኔንም ልጄንም ጠይቆናል። ያንኑ አስገባንና ሠራ።»

«ታዲያ ይህንን ስለ ምን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቁንማ። ኔት ደግሞ መቼ ሳያስቸግር ውሎ ያውቃል?»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን ከጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ቀኑን ሙሉ ያንኳኳው በር ቁልፍ በየሰዉ ኪስ ነበር፤ ማንም እንደ ቁልፍ አልቈጠረውም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን በሳሎኑ ሰበሰበ።

«ሌባው ካሜራዋ በማታየው በኩሽናው በር ነው የገባው» ብሎ ጀመረ። «ወደ እርስዎ መኝታ ቤት ለመድረስ ግን በሳሎኑ፣ በካሜራዋ ፊት ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ከኮሪደሩ ራውተሩን ሪሴት አደረገው። በዚያው ቅጽበት አስታማሚዋ በዋናው በር ገባች። እርሷን እንደ ቀረጸች የካሜራዋ ዓይን ጠፋ። እርሷ ራጁን ይዛ ስትወጣ ሌባው ኮሪደሩ ላይ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር።»

«ሊያሳብዱኝ ነው እኮ» አለች ፋርማሲስቷ። «ሪሴት ከሆነ እንዴት በስሙ ተመልሶ መጣ?»

«ሌባው ወርቁን ከወሰደ በኋላ መስመሩን በድሮው ስምና በድሮው ፓስዎርድ መልሶ አቆመው። ካሜራዋ ራሷ ትገናኛለች፣ እንደ ወትሮው ኔት ሄዶ መጣ ትላላችሁ፣ ሣጥኑንም እስከ ዓመት በዓል አትከፍቱም ብሎ ነው። አንድ ፊደል ግን ተሳሳተ። ካሜራዋ በእሳቱ ሰ የተጻፈውን ቤቷን ስትፈልግ ቀረች።»

ርእሰ መምህርቷ ዓይናቸውን ከኢንስፔክተሩ አነሡና ወደ አማቻቸው አዞሩ።

«በፊደል ሰው ይከሰሳል?» አለ አማችየው። «ግማሹ አገር እንዲያ ነው የሚጽፈው።»

«እውነት ነው፤ አይከሰስም። ስልኮቻችሁን አውጡ። ይህ አድራሻ ነው፤ ሁላችሁም ጻፉት።»

በርእሰ መምህርቷ ስልክ ላይ ገጹ መጣ፤ የፓስዎርዱ ቦታ ባዶ ነበር። በፋርማሲስቷም እንዲሁ።

«የእኔ ባትሪ የለውም» አለ አማችየው።

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ቻርጀር አወጣና ዘረጋለት። «አስቤበት ነው የመጣሁት።»

ስልኩ በራ። አማችየው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ በየመካከሉ እያቆመ ጻፈ። ገጹ መጣ። የፓስዎርዱ ቦታ፣ ማንም ሳይነካው፣ በጥቁር ነጥቦች ሞላ።

«ሪሴት የሆነ ራውተር አዲስ የአድሚን ፓስዎርድ ካልሰጡት አይለቅም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስትሰጠው ስልክህ ‹ላስቀምጥልህ?› ብሎ ጠየቀህ። እንደ ልማድህ እሺ አልከው።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ተቀብሎ በራሱ ጣት «ግባ» የሚለውን ነካ። ለአንድ ቀን ሙሉ እንቢ ያለው ገጽ ያለ አንዳች ክርክር ተከፈተ። በራውተሩ የተመዘገበው የመግቢያ ታሪክ የሚጀምረው ከሐሙስ ቀትር ነበር፤ ከሪሴቱ በኋላ ከሁሉ ፊት የገባው ስልክም አሁን በእጁ የያዘው ነው።

«አንተ ነህ?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ከጥያቄ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር።

«የማተሚያ ማሽን ልገዛበት ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ማሽን ያለው ሰው ቀለም ቀቢ አይባልም። እርሷ ትታሰራለች ብዬ በልቤ አላሰብኩም።»

«ከታሰረች በኋላስ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ትናንት አጠገቤ ቆመህ ሪሴት አድርገው ስትለኝ?»

አማችየው የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ዘረጋለት። ወርቁ ከሱቁ፣ ከአንድ ባለመብራት ታፔላ ሆድ ውስጥ፣ በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ተገኘ።

*

ከቀትር በኋላ አስታማሚዋ ልብሷን ልትወስድ ኢንስፔክተሩን አስከትላ ወደ ቤቱ መጣች። እርሱም ራውተሩን ከማስረጃነት ሲለቀው በገባው ቃል መሠረት በኮሪደሩ ቆሞ ዳግም ያስተካክለው ጀመር፤ ስሙን በእሳቱ ሰ ጻፈ፤ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ለወጠ፤ የቀረው የአድሚኑ ነበር።

ርእሰ መምህርቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው በዓይን አልታየችም፤ ከተዘጋው ክፍሏ ግን አልፎ አልፎ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ» አሉ ለአስታማሚዋ፤ ቃሉ ከአፋቸው በጭንቅ ነበር የወጣው። «በድዬሻለሁ። ፓስዎርዱን አንቺ ጻፊው። እኔም አልየው፤ በአንቺ እጅ ይሁን።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘረጋላት። አስታማሚዋ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«አልፈልግም፣ እትዬ። የቤቱ ቁልፍ በእጄ ስለ ነበረ፣ ፓስዎርዱንም ስለማውቅ ነው የታሰርኩት። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የማውቀው ነገር ባይኖር ይሻለኛል።» ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ከጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የማታ መድኃኒትዎ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከምግብ በኋላ ነው የሚውጡት።»

አሮጊቷ መደገፊያቸውን ይዘው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እርሷም እንደ ልማዷ ልታነሣቸው እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

በሩ ላይ ኢንስፔክተሩ ደረሰባት። «እኅቴ፣ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

«ነፃ መሆኔን የሚናገር ወረቀት ይሰጡኛል?»

«መዝገቡ ይዘጋል እንጂ… እንደዚያ ያለ ወረቀት የለንም።» ሲናገረው አፈረ። ለማሰሪያ የታተመ ወረቀት በመሳቢያው ሞልቷል።

«እንግዲያው» አለች፣ ወደ ረጅሙ መንገድ እየተመለከተች፣ «ሐሙስ ዕለት በዚህ መንገድ በካቴና ስትወስዱኝ ሰዉ ሁሉ በረንዳው ላይ ወጥቶ አይቷል። አሁንም ወጥቷል፤ ይመልከቱ። ከእኔ ጋር እስከ ጫፉ ይሂዱ። በመኪና አይደለም።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንጫረር ጀመር፤ ኮማንደሩ ነበር። ኢንስፔክተሩ አላነሣውም። ኮፍያውን አስተካከለ፣ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበለ፣ እያንዳንዱ በረንዳ ፊት ቆም እያለ፣ ሰዉ እንዲሰማ በስሟ በአክብሮት እየጠራት፣ ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ።